ስለ ዮኒ የማመሰግንባቸው ነገሮች

ኅዳር 14 ቀን 2017፣ ቅዳሜ

በሠላሳ አንድ ዓመቴ የቤት ሥራ ተሰጠኝ።

የጋብቻ ትምህርት የምንማረው በቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት ነው፤ ስድስት ጥንዶች ነን። አስተማሪያችን ጋሽ ወጋየሁ ናቸው፤ ሽማግሌም የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊም እሳቸው ናቸው። ዛሬ ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ደብተር አደሉንና «ስለ እጮኛችሁ እግዚአብሔርን የምታመሰግኑበትን ነገር በየቀኑ አንድ አንድ ጻፉ። በመጨረሻው ትምህርት ደብተር ትቀያየራላችሁ» አሉን። የኔው እጮኛ ዮኒ እዚያው ቁጭ ብሎ ገጹን ሞላው። እኔ የጣራውን አምፖሎች ቆጠርኩ። ዘጠኝ ናቸው፤ ሁለቱ አይበሩም።

ቤት ከገባሁ በኋላም ብዙ አሰብኩ። ዮኒ ጥሩ ሰው ነው፤ ሁሉም እንደዚያ ይላል። ጥሩ ሰውን ለማመስገን ይህን ያህል ማሰብ የኔ ልበ ደረቅነት መሆን አለበት።

ስለ ዮኒ የማመሰግንበት ነገር፦ ሰዓት ያከብራል።

ኅዳር 15፣ እሁድ

ስለ ዮኒ የማመሰግንበት ነገር፦ ጫማው ንጹሕ ነው። በጀሞ አቧራ እንኳን።

ኅዳር 18፣ ረቡዕ

ረቡዕ ረቡዕ የጸሎት ቡድናችን በየአባሉ ቤት ይሰበሰባል። ዛሬ ተራው የጓደኛዬ የቃለሕይወት ነበር። አሥራ ሁለት ነን፤ መሪያችን ዮኒ ነው። ዙሩን ጨርሶ ወደኔ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አደረገና «ጌታ ሆይ፣ እህታችን ገዲሴን አስባት። ሳቋን በልክ፣ ንግግሯን በጨው የተቀመመ አድርግላት» አለ።

አሥራ አንድ ሰው አሜን አለ። እኔም አልኩ፤ አፌ ለምዶበት አመለጠኝ።

ይህ ጸሎት የመጣው ከእሁዱ ታክሲ ነው። ረዳቱ «ወንበሩ ለሦስት ነው፣ እናንተ ግን ለአራት ተፈጥራችኋል» ሲለን ከት ብዬ ሳቅኩ። ዮኒ በሁለት ጣቱ ጉልበቱን መታ መታ አደረገ። ይህ የኛ ምልክት ነው፤ ሳቄ ሲበዛ ጠረጴዛም ይሁን ወንበር፣ በሁለት ጣቱ ቀስ ብሎ ይመታል። ሰው አያስተውልም። እኔ ግን በታክሲ ሬዲዮ ከበሮ ሲመታ እንኳን ዝም ማለት ጀምሬያለሁ።

ፍርዴ እንዳይጣመም አንድ ነገር ልጻፍ። ዮኒ ተቆጥቶኝ አያውቅም። ሰድቦኝም አያውቅም። ስለ እኔ ያለውን ሁሉ የሚናገረው ለእግዚአብሔር ብቻ ነው፤ ጮክ ብሎ።

በጸሎቱ መሐል አንድ ዓይኔን ገልጬ አየሁ። (ይቅር በለኝ።) ሁሉም ጨፍነዋል። ዮኒማ ሳሙና የገባበት ሰው ይመስል ጭምድድ አድርጎ ነው የጨፈነው።

ስለ ዮኒ የማመሰግንበት ነገር፦ ጸሎቱ ረጅም ነው። ለምስጋና ይሆናል ብዬ ነው።

ኅዳር 21፣ ቅዳሜ

የምሠራው መካኒሳ፣ የእትዬ ሀኒፋ ኬክ ቤት ነው። ሥራዬ ኬክ ላይ በክሬም መጻፍ ነው። እትዬ ሀኒፋ ራሷ የስልጤ ልጅ፣ ሙስሊም ናት፤ ግን የገና ጾም ሲገባ ከሁሉም ቀድማ የጾም ኬክ የምታወጣው እሷ ናት።

ዛሬ አንድ ወጣት መጥቶ በግማሽ ኪሎ ኬክ ላይ «ፍቅሬ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ስልኩን የዘጋሁት ባትሪ አልቆብኝ ነው፣ ሁለተኛ አይለምደኝም» ብለሽ ጻፊልኝ አለኝ። አይበቃም አልኩት። «እሺ ሁለተኛ አይለምደኝም የሚለው ይቅር» አለ። እትዬ ሀኒፋ ከጓዳ ሆና «ወንድሜ፣ እሱ ከቀረማ ኬኩም ይቅር!» አለችው። እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ። ልጁም ሳቀ። ሦስት ሰው ወረፋ ላይ ቆሞ ሳቀ።

ለካ ዮኒ ደጁ ላይ ቆሟል። ገባና በሁለት ጣቱ የኬኩን የመስታወት ሳጥን መታ መታ። ቀጥ አልኩ።

ሲሄድ እትዬ ሀኒፋ «ይሄ ልጅ መስታወቱን የሚያንኳኳው ማን እንዲከፍትለት ነው?» አለችኝ።

«ልማዱ ነው» አልኳት።

«ያንቺስ ፊት ባንዴ እንደ መብራት የሚጠፋው ልማዱ ነው?»

የክሬሙን ላስቲክ ስጨምቀው «ፍቅሬ» የሚለው ላይ ፈሰሰ።

ጥፋቱ የኔ ነው መሰለኝ። ድምፄ እውነትም ይጮሃል። ትምህርት ቤትም «ገዲሴ ውጪ!» እየተባልኩ ነው ያደግሁት።

ስለ ዮኒ የማመሰግንበት ነገር፦ ሊጠይቀኝ ከጀሞ መካኒሳ ድረስ መጣ።

ኅዳር 26፣ ሐሙስ

ዛሬ ረጅም ነው የምጽፈው።

አባቴ ሮበሌ ይባላል። አሥራ አራት ዓመቴ ሳለ እናቴንና እኔን ጥሎ ሌላ ቤት መሠረተ። እማዬ ከዚያ በኋላ ስሙን አንስታ አታውቅም፤ እኔም አላነሳሁባትም። ከሁለት ዓመት በፊት ግን ስልክ ደወለልኝ። ከዚያ ወዲህ የወሩ የመጨረሻ ሐሙስ፣ ነፋስ ስልክ አሮጌው ሰፈር አንድ ጁስ ቤት እንገናኛለን። ኬክ አመጣለታለሁ፤ ሁሌም ያንኑ የቅቤ ክሬም። ፓፓዬ እየጠጣ ያችኑ ሁለት ቀልዱን ይደጋግምልኛል። እኔም ያቺኑ ሳቄን እስቅለታለሁ። ሳቄ ከማን እንደመጣ ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ሁለታችን ስንስቅ ባለቤቱ ብርጭቆውን ይሰበስባል።

ለማንም ነግሬ አላውቅም። እማዬ ብትሰማ አንጀቷ ይቆረጣል ብዬ ነው።

ዛሬ ከአባቴ ስመለስ ለዮኒ ነገርኩት። «በተጋቢዎች መሐል ድብቅ ነገር አይኑር» ብለው ጋሽ ወጋየሁ አስተምረውናል። ዮኒ ጸጥ ብሎ አዳመጠኝ። ጣቱን እንኳን አላንቀሳቀሰም። ከዚያ እሱም የራሱን ነገረኝ። ሲናገር እጁን ያዝኩት። ምን እንዳለኝ እዚህ አልጽፍም። ይህ ደብተር የኔ ነው፤ ያ ነገር ግን የሱ ነው።

ዛሬ ወደድኩት። እውነቴን ነው። ታክሲ ተራው ላይ ሰው እየገፋን፣ እጁ በእጄ ውስጥ ሆኖ፣ ይኼኛው ዮኒ የት ነበር አልኩ።

ስለ ዮኒ የማመሰግንበት ነገር፦ አመነኝ።

ኅዳር 28፣ ቅዳሜ

ደብተሩን መልሼ አነበብኩት። ጉድ! ይህን ለዮኒ ብሰጠው ለአንድ ዓመት የሚሆን የጸሎት ርዕስ ያገኛል።

ከጀሞ የጽሕፈት መሣሪያ ቤት አበባ ያለበት ሌላ ደብተር ገዛሁ። ምስጋና ምስጋናውን ወደዚያ ገለበጥኩ። ሰዓት ያከብራል፤ ጫማው ንጹሕ ነው፤ አመነኝ። ግማሽ ገጽ አልሞላም። በትልልቁ መጻፍ አለብኝ።

ይሄኛው ደብተር ቁምሳጥኑ ላይ፣ ሻንጣ ውስጥ ይኖራል።

ታኅሣሥ 2፣ ረቡዕ

ዛሬ በአጭሩ።

ጸሎት ቡድን። ዮኒ፦ «ስሟን አልጠራም። ሠርጓ የቀረበ አንዲት እህታችን አለች። በኬክ ሙያ የተሰማራች። በየወሩ ነፋስ ስልክ ጁስ ቤት፣ ከእናቷ ተደብቃ፣ ጥሏቸው የሄደውን አባቷን ታገኛለች። ጌታ ሆይ፣ ከድብቅ ሕይወት አውጣት።»

በቡድኑ ውስጥ የታጨሁት እኔ ብቻ ነኝ። ኬክ የምሠራውም እኔ ብቻ ነኝ። የማንም ዓይን አልተገለጠም፤ ወንበሮቹ ግን ሲጥ ሲጥ ሲሉ ሰማሁ።

አሜን ተባለ።

ደረጃው ላይ ያዝኩት። «ዮኒ፣ ምን አደረግህ?»

«ስምሽን እኮ አልጠራሁም።»

«ዮኒ!»

«ገዲሴዬ፣ ሐሜት ቢሆን ይከፋ ነበር። ይሄ እኮ ጸሎት ነው። አሥራ አንድ ሰው ስለ አንቺ ተንበረከከ፤ ደስ ሊልሽ ይገባል።»

እና እኔ፣ እኔ ገዲሴ ሮበሌ፣ «እሺ» አልኩት። ለምን እሺ አልኩ? ምን ቆርጦኝ ነው እሺ ያልኩት?

ስለ ዮኒ የማመሰግንበት ነገር፦

ታኅሣሥ 4፣ ዓርብ

ወሬው እማዬ ጋ ደርሷል። ሁለት ቀን ፈጀበት፤ ከጀሞ አንድ እስከ ጀሞ ሁለት፣ አራተኛ ፎቅ ድረስ።

ከሥራ ስገባ ነጭ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ቀና አላለችም። «አሰገደች መጥታ ነበር» አለች። አሰገደች ከታች ፎቅ የምትኖር የጸሎት ቡድኑ አባል ናት። «እግዚአብሔር ያጽናሽ አለችኝ። ማን ሞተ ብዬ ደነገጥኩ።»

«እማዬ...»

«ሁለት ዓመት ሙሉ በወሩ መጨረሻ ሐሙስ የቅቤ ክሬም ኬክ ይዘሽ ትወጫለሽ። በዚህ ዓለም ያንን ኬክ ያለ ሻይ የሚበላ አንድ ሰው ነው የማውቀው።»

ክው አልኩ። «ታውቂ ነበር?»

«እናትሽ ገበያነሽ ምንም አታውቅም ብለሽ ከሆነ ያሳዝናል።» ሽንኩርቱን አስቀመጠች። «አባትሽ ነው፤ አግኚው። ያቃጠለኝ እሱ አይደለም። የቤቴ ነገር በአሥራ አንድ ሰው አሜን ተብሎበት ወደኔ መምጣቱ ነው። ማን ነው የተናገረው? ዮኒ ነው?»

«ለጸሎት ብሎ ነው» አልኳት። አሁንም ተከላከልኩለት።

ሽንኩርቱን መልሳ አነሳች። «ያ ልጅ ስለ ራሱ ጸልዮ ያውቃል?»

አሰብኩ። አንዴም አልሰማሁም።

ታኅሣሥ 10፣ ሐሙስ

ሩጫ። ቬሎ ልኬት። የሚዜዎቹ ቀሚስ አጠረ። አዳራሹ ድንኳን አያስተክልም አለ። ከነቀምት አክስቶቼ ሰባት ሆነው ይመጣሉ፤ ምንጣፍ፣ ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ። የሠርጉ ጥሪ ወረቀት ደረሰ፣ ጥር 17። እማዬ የሠርግ ልብሷን ሰፊ ጋ ሰጠች፤ አምስት ዓመት አዲስ ልብስ አልለበሰችም።

ሰላሳ አንድ ዓመቴ ነው። ሰላሳ አንድ።

ስለ ዮኒ የማመሰግንበት ነገር፦ ስልክ ሲያወራ አይጮህም።

ታኅሣሥ 20፣ እሁድ

ማስታወቂያችን ወጣ። በኛ ቤተ ክርስቲያን ሊጋቡ ያሉ ሰዎች ፎቶ ሦስት እሁድ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ፎቶውን የመረጠው ዮኒ ነው። እሱ ጥርሱ ሁሉ ወጥቶ ይስቃል። እኔ አፌን ገጥሜ ቆሜያለሁ፤ ለመታወቂያ የተነሳሁ እመስላለሁ። ከዚያ ፎቶ በፊት አሥር ተነስተን ነበር፤ ሁሉም ላይ እስቃለሁ።

ከሰሌዳው ፊት ሁለት ሴቶች ቆመው ነበር። ከኋላቸው ጆሮዬን ጣል አደረግሁ።

«ይቺ ማናት?»

«ገዲሴ ናት እኮ! ያቺ ሳቂታዋ።»

«ውይ! አልመሰለችኝም። ታድላ! ልጁ እኮ ታጋሽ ነው፤ በየሳምንቱ ይጸልይላታል አሉ።»

ሲሄዱ ብቻዬን ቆሜ አነበብኩት። ከታች በትንንሽ ፊደል «ይህን ጋብቻ በሚመለከት ተቃውሞ ያለው ማንኛውም ሰው እስከ ጥር 9 ድረስ ለጽሕፈት ቤቱ በጽሑፍ ያሳውቅ» ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለምን ሁለት ጊዜ እንዳነበብኩት አላውቅም።

ጋሽ ወጋየሁን «ተቃውሞ ያመጣ ሰው አለ ግን?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«በአሥራ አንድ ዓመት አንድ ሰው መጥቶ ነበር» አሉ። «እሱም ቤተ ክርስቲያን ተሳስቶ ነው።»

በጣም ሳቅኩ። ዮኒ ከወዲያ ሆኖ የመጽሐፍ ቅዱሱን ሽፋን መታ መታ።

ታኅሣሥ 28፣ ሰኞ

የገና ዋዜማ። ኬክ። ኬክ። ኬክ። «መልካም ገና» መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ። አንዱ ላይ ደክሞኝ «መልካም ጋና» ብዬ ጽፌ፣ ሰውየው ደስ ብሎት ወሰደው።

የሠርጌ ባለ ሦስት ፎቅ ኬክ የእትዬ ሀኒፋ ስጦታ ነው። ዮኒ ኬኩ ላይ እንዲጻፍ የሚፈልገውን በስልኳ ልኮላታል። አሳየችኝ። «ትዕግሥት ፍሬ አፈራ» ይላል።

«የማን ትዕግሥት?» አለች።

ስልኩን መለስኩላት።

«ገዲሴ፣ እኔ የማን ትዕግሥት እንደሆነ ካላወቅሁ ክሬሙን ምን ቀለም ላድርገው?»

በእንባም በሳቅም መሐል ሆንኩ። በገዛ ሠርጌ ኬክ ላይ፣ በገዛ እጄ፣ እኔን የታገሠኝ ሰው ዋንጫ መውሰዱን ልጽፍ ነው።

ስለ ዮኒ የማመሰግንበት ነገር፦ አጭር ጽሑፍ ነው የመረጠው።

ጥር 6፣ ማክሰኞ

የመጨረሻው ትምህርት። ደብተር ተቀያየርን።

ዮኒ የኔን ባለ አበባ ደብተር ገጽ ገጹን ሲገልጥ ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም። «ሰዓትና ጫማ ብቻ?» አለና ሽፋኑን በሁለት ጣቱ መታ።

የሱን ቤት አምጥቼ አነበብኩ። ሃምሳ ሦስት ቀን፣ አንድም ቀን አላለፈም፤ ጽሑፉ እንኳን ያምራል። ልገልብጠው፦

«ገዲሴ በታክሲ ውስጥ ስትስቅ ስላልተቆጣሁ ተመስገን።»

«ገዲሴ ደንበኛ ፊት ስትጮህ ራሴን እንድገዛ ስለረዳኸኝ ተመስገን።»

«አባቷን ተደብቃ የምታገኝ ሆና ሳለ እንዳልተዋት ልብ ስለሰጠኸኝ ተመስገን።»

ሃምሳ ሦስቱም ላይ ስሜ አለ። ሃምሳ ሦስቱም የሚያመሰግኑት ግን ዮኒን ራሱን ነው። በእኔ ደስ ያለው አንድ ቀን እንኳን አለ ወይ ብዬ ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት ፈለግሁ። አንድ አገኘሁ። ኅዳር 26 ላይ «ዛሬ እጄን ያዘችኝ» ብሎ ጽፎ ነበር። ከዚያ በማስመሪያ፣ በቀጥታ መስመር፣ ሰርዞታል። ከሥሩ «ድክመቴን የምናገርበት ትሕትና ስለሰጠኸኝ ተመስገን» ይላል።

ያለቀስኩት በዚያች በተሰረዘችው ነው። ሌላውን ሁሉ ብስቅበት እችል ነበር።

ጥር 7፣ ረቡዕ

ጸሎት አልሄድኩም። ሥራ በዛብኝ አልኩ። ሥራ አልበዛብኝም።

እማዬ ሶፋው ላይ የሠርግ ልብሷን ቁልፍ እየሰፋች ነበር። አጠገቧ ተቀመጥኩና የዮኒን ደብተር ሰጠኋት። መነጽሯን አድርጋ ሰባት ስምንት ገጽ አነበበች። ዘጋችው።

«ቆንጆ ጽሕፈት አለው» አለች።

«እማዬ፣ ጥሪው ተበትኗል። አክስቶቼ ሊሳፈሩ ነው። ሰው ምን ይላል?»

«አባትሽ ሲሄድ ሰው የሚለውን ሁሉ ሰምቼዋለሁ። ሰባት ወር አወሩ። ከዚያ የሌላ ሰው ነገር መጣላቸውና ረሱኝ፤ ትንሽ ቅር እንኳን አለኝ።» ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «ልብሱን ለሌላ ነገር እለብሰዋለሁ። አንቺ ግን ይህን ሁለት ወር ቤት ውስጥ ስትስቂ አልሰማሁም። ጎረቤቱም ታመመች ወይ ብሎኛል።»

አስተውዬው አላውቅም ነበር። ቤት ውስጥ ዮኒ የለም፤ ጣት የለም። እኔው ለራሴ ማንኳኳት ጀምሬ ኖሯል።

ጥር 8፣ ሐሙስ

ማንም ሳይነግረው እኔ ልንገረው ብዬ፣ ጠዋት ወደ ሥራ ሳልሄድ ጀሞ ታክሲ ተራ ጠበቅሁት። በሰዓቱ መጣ። ጫማው ያብረቀርቃል።

«ዮኒ፣ አላገባህም» አልኩት። ድምፄ አልጮኸም። «አልተጣላሁህም። በደለኝ ብዬ ለማንም አልናገርም። ግን አላገባህም።»

መጀመሪያ ፊቱ ነጣ። ያኔ አሳዘነኝ። ከዚያ ክራቫቱን አስተካከለና «እንጸልይበት» አለ።

«አንተ ጸልይበት። እኔ ጨርሻለሁ።»

«ገዲሴዬ፣ ይህ ስሜት ነው፤ ያልፋል። ለማንኛውም ማስታወቂያው ወጥቷል። ማስታወቂያ ከወጣ በኋላ ጋብቻ የሚቆመው በተቃውሞ ብቻ ነው፤ የጽሕፈት ቤቱን ደንብ ታውቂዋለሽ» አለኝ። ፈገግ ብሎ።

ስለ ደንቡ አመስግኜው ሄድኩ።

ጋሽ ወጋየሁ ጽሕፈት ቤት ነበሩ።

«የተቃውሞ ቅጽ እፈልጋለሁ» አልኳቸው።

«በማን ላይ?»

«በኔና በዮኒ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ ቅጹን የሚሞላው ሌላ ሰው ነው።»

«ማስታወቂያው ማንኛውም ሰው ነው የሚለው። ሙሽራዋን ሳይጨምር ይላል እንዴ?»

ቅጹን ፍለጋ ሦስት መሳቢያ ከፈቱ። ከገና መዝሙር ወረቀት ሥር ተገኘ፤ አቧራውን እፍ አሉት። ፊቱንም ጀርባውንም ሁለት ጊዜ አነበቡ። «አይልም» አሉ፤ እሳቸውም የገረማቸው መሰለኝ። እስክሪብቶ ሰጡኝ።

ስም። ገዲሴ ሮበሌ። ከተጋቢዎቹ ጋር ያለዎት ግንኙነት። «ሙሽራዋ» ብዬ ጻፍኩ። ጋሽ ወጋየሁ ከወዲያ ማዶ አንገታቸውን አስግገው አዩና ሳል መሰል ድምፅ አወጡ።

ለምክንያት አምስት መስመር ተትቷል። እዚያ ላይ ቆምኩ።

«ልጄ» አሉ፣ ድምፃቸው ተለውጦ። «ነውር አይተሽበት ከሆነ ንገሪኝ። ቡድን የሚመራ ሰው ነው። ነገሩ የኔም ኃላፊነት ነው።»

አንድ ነገር አውቃለሁ። ኅዳር 26 ቀን እጁን ይዤው የነገረኝን። ነውር አይደለም፤ ለሱ ግን ከነውር የባሰ ነው። ብናገረው ነገ ሰፈሩን ያዳርሰዋል፤ ስሙን እንኳን ሳልጠራ። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ይረዳኝ ነበር። ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ ቅዱስ ነኝ አልልም።

«የለም ጋሽዬ» አልኳቸው። «ነውር የለበትም።»

ከአምስቱ መስመር አንዱን ብቻ ሞላሁ። «ሳቄን ስለምፈልገው።»

አነበቡት። ደግመው አነበቡት። «ይሄን ምክንያት ሽማግሌዎቹ እንዴት እንደሚያዩት አላውቅም» አሉና ማኅተሙን አንስተው፣ በደንብ ተንፍሰውበት፣ ደብ አደረጉት። «እኔ ግን ሰሌዳው ላይ ያለውን ፎቶ ሳየው ሦስት ሳምንት ቅር ብሎኛል።»

ጥር 12፣ ሰኞ

ማስታወቂያው ተነሳ።

ቃለሕይወት ደውላ አለቀሰች። አክስቶቼ አንድ በአንድ ደወሉ፤ ሰባተኛዋ «ኧረ እኔ ትኬቱን ቆርጫለሁ፣ ለጥየቃም ቢሆን እመጣለሁ» አለች።

ታክሲ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች፣ እኔን ሳያዩ፣ «ምን አይቶባት ተዋት ይሆን? ያን የመሰለ ታጋሽ» ሲሉ ሰማሁ። ትከሻቸውን ነካ አድርጌ «እኔ ነኝ የተውኩት፣ ቅጹም አለ» ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ተውኩት። ስወርድ «ወራጅ አለ!» ብዬ ጮህኩ። ዞረው አዩኝ። በፈገግታ ሰላም አልኳቸው። ይበቃቸዋል።

እትዬ ሀኒፋ ኬኩን አልሰረዘችውም። ቅዳሜ ለደንበኛ በነጻ እንቆርሰዋለን ብላለች። ምን ይጻፍበት ስትለኝ ባዶውን ይሁን አልኳት።

እማዬ ደግሞ «ለአባትሽም ንገሪው» አለችኝ። «በጸሎት ሳይሰማ።»

ሲጨልም ብቻዬን ስሆን ይከፋኛል፤ ያንን አልደብቅም። ሁለት ዓመት ነው። የለመድኩት ሰው ነው። ስልኬ ሲጠራ አሁንም እሱ እየመሰለኝ ልቤ ይደነግጣል።

ጥር 14፣ ረቡዕ

ተደብቄ የቀረሁ እንዳልመስል ለመጨረሻ ጊዜ ጸሎት ቡድን ሄድኩ። ዛሬ ተራው የአሰገደች ነበር፤ ከኛ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብሎ።

ዮኒን ደረጃው ላይ አገኘሁት። ቀለበቱንና ደብተሩን ሰጠሁት። ቀለበቱን ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተና «ምንም ቢሆን እጸልይልሻለሁ» አለኝ።

«አውቃለሁ» አልኩት። «ዮኒ፣ ያን ነገር ለማንም አልነገርኩም። አልናገርምም።»

ሌላ ነገር የሚል መሰለኝ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ግን ሰው መጣና ገባን።

በሩ አጠገብ ያለውን ወንበር ያዝኩ። ተዘመረ። ተጸለየ። ዙሩ ሲያልቅ ዮኒ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ያቺን ድምፅ አውቃታለሁ።

«ጌታ ሆይ፣ ስሟን አልጠራም። መንገዷ የጠፋባት አንዲት እህታችን...»

አንድ ዓይኔን ገለጥኩ። አሥራ አንዱም ጨፍነዋል። ሁለተኛውን ገለጥኩ። ቦርሳዬን አነሳሁ፣ ጫማዬን በእጄ ያዝኩ። «አሜን» አልኩ፤ ቀስ ብዬ፣ ለራሴ። በሩ ደግ ነው፣ አልጮኸም።

ሁለት ፎቅ በባዶ እግሬ ወጣሁ። አራተኛ ፎቅ ላይ ቆሜ ወደ ታች አዳመጥኩ፤ ማንም አልወጣም፤ አሁንም ስለኔ እየጸለየ ነው። ባዶ ወንበር ፊት አሥራ አንድ ሰው ጨፍኖ። ሳቄ ከሆዴ ተነስቶ መጣ፤ ልይዘው አልሞከርኩም። ደረጃው ሁሉ ተቀበለኝ። እማዬ በሩን ከፍታ «ምን ሆንሽ?» ስትል የአዲሱን ልብሷን አንገት አየሁ፤ ለምን እንደለበሰችው አልጠየቅኋትም።

ስለ ዮኒ የማመሰግንበት የመጨረሻው ነገር፦ ሲጸልይ ዓይኑን ይጨፍናል።